የ«ጣ» እና የ«ጻ» ነገር

ውድ ምራቴ፣

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «አሮጊቷ ለአንድ ምንጣፍ ብላ ምራቷን አባረረች» እያለች እንደምታወራ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው! «ውጪልኝ!» ያልኩሽ ከምንጣፉ ላይ እንድትወጪ እንጂ ከቤት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ቦርሳሽን አነሳሽ። ይኸው እህትሽ ቤት ከገባሽ አሥራ አንድ ቀን ሆነሽ፤ ባልሽም ከእኔ ጋር ከ«እህ» እና ከ«እሺ» በቀር አያወራም።

እርግጥ ድምፄ «ከቤት» የሚል ይመስል ነበር። አልክድም።

ታስታውሻለሽ፣ ባልሽ ምንጣፉ ላይ ሻይ የደፋ ዕለት ከማዕዘኑ ሱቅ ያንን ጠርሙስ ገዝቼ የመጣሁት እኔ ነኝ። ሻጩ ከበርሜል እየቀዳ፣ በእጁ የጻፈውን ወረቀት እየለጠፈ ነው የሚሸጠው። ወረቀቱ «ጨርቅ ያነጣል» ይላል። ደሜ ፈላ። በእኛ ጊዜ «ያነጻል»ን እንዲህ የጻፈ ልጅ ተንበርክኮ ይውል ነበር፤ ዛሬ ጣ እና ጻን ያልለየ ሱቅ ይከፍታል! ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ጣን ሰረዝኩና ከላዩ ጻን ጻፍኩበት።

አንቺ ክዳኑን ከፍተሽ አሸተትሽ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ በረኪና በረኪና ይላል። ምናልባት የእውነት ያነጣል ማለቱ ይሆናል። እስቲ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ጠብ አድርገን እንየው።»

«ፊደል ለእኔ? አፍስሺ!»

አፈሰስሽ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም፣ ያ የደም ቀይ ምንጣፍ መሀሉ ላይ ለምጽ የወጣበት መሰለ። ይህኔ ነው ልብስ ሰፊዋ የባልሽን ሱሪ ይዛ የገባችው። እኔም እሷ ፊት «እጅሽ የነካው ሁሉ ይበላሻል!» አልኩሽ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሠርግሽ በሰጠችሽ ምንጣፍ ላይ ቆሜ፣ የምንጣፉን ባለቤት አንቺን ውጪልኝ አልኩ።

ትናንት ጠርሙሱን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ገበያተኛው ሞልቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጉድህ ምንጣፍ አበላሸ!»

«ምን ይላል ወረቀቱ፣ እማማ?»

«ያነጻል።»

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዞረው። «እኔ የጻፍኩት ያነጣል ነው። ለነጭ አንሶላ ነው። አነጣ ወይስ አላነጣም?»

«አነጣ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? ይቺን በቀይ የጻፋት የትኛው መምህር ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ዝም ብዬ አልወጣሁም። «ባለ ቀለም ጨርቅ እንዳይነካ» የምትል አንዲት መስመር ብትጨምር እጅህ ይቆረጥ ነበር? አልኩት።

መንገድ ላይ ግን ቆሜ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ስህተት በቀይ ስሰርዝ ኖሬ፣ ትክክለኛውን ቃል ሰረዝኩ። ትክክል የተናገረችውንም ሰው እንደዚያው።

አንቺም ብትሆኚ አናደሽኛል። ልብስ ሰፊዋ ፊት «አፍስሺ ያለችኝ እሷ ናት» ማለት ምን ያቅታል? ለምን ዋጥ አደረግሽው? እኔን ከሀፍረት ለማዳን ብለሽ አንቺ ተዋረድሽ። እንዲህ ያለ ደግነት ሁለተኛ እንዳላይብሽ። ስሳሳት ተናገሪኝ፤ ብጮህም ተናገሪኝ።

ይህን ደብዳቤ ባልሽ ዛሬ ያደርስልሻል። ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ልብስ ሰፊዋ ቤት እሄዳለሁ። የስፌት መኪናዋን አስቁሜ «አፍስሺ ያልኩት እኔ ነኝ» እላታለሁ፤ ደንበኞቿም ይስሙ፣ እንዳወራችው ታውራው። ከዚያ ተመልሼ ጠርሙሱ ላይ ያቺን ጣ ወደ ቦታዋ እመልሳለሁ። ምንጣፉን አልነካውም፤ ምን እንደሚደረግ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ቀጥሎ ታክሲ ይዤ እህትሽ ደጅ እመጣለሁ። በሩን ስትከፍቺ «ግቢልኝ» እልሻለሁ።

በዚህ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን እጨርሰዋለሁ፦ ወደ ቤትሽ።

አማትሽ