ፍሬን በያዝሁ ቁጥር ለሚጮኸው ክላክስ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የባለሦስት እግር ሞተር ሳይክል አስመጪ ድርጅት የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከመንዝ ደጋ፣ ከዘመሮ ማዶ ካለችው መንደራችን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ሠራተኞችስ? ስልክ በደወልሁ ቁጥር በለሰለሰ ድምፅ ስብሰባ ላይ መሆንዎን የምትነግረኝ ልጅስ ደህና ናት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ሞተሩ ግን እንደሚያውቁት ነው። ስምዎን በደብዳቤው ራስ ላይ ያልጻፍሁት ክብርዎን ለመንፈግ ሳይሆን፣ ብዙ ጠይቄ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

እኔ ምንተስኖት እባላለሁ። ገብስና በግ ወደ ዘመሮ ገበያ፣ ጨውና ስኳር ደግሞ ወደ መንደር አመላልሳለሁ። ሞተሩን የገዛሁት ግን ለገብሱ ብዬ አይደለም። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገዳችን ጠባብና ድንጋያማ ስለሆነ ትልቅ መኪና አይወጣውም፤ ባለቤቴ ጽናት በመጀመሪያ ልጃችን ምጥ ተይዛ በበቅሎ ስንወስዳት መንገድ ላይ ወለደች፤ ሕፃኑም አልተረፈልንም። ሁለተኛውን ስትፀንስ በጎቻችንን ሸጠን ከእርስዎ ዘንድ የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ያልተላጠ አዲስ ሞተር ገዛን። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ የዚህ ሞተር መነሣትና አለመነሣት እኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፍሬቻው። ወደ ቀኝ ስጠቁም የግራው ይበራል። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን በመንገዳችን ከፊትም ከኋላም የሚመጣው በአብዛኛው በግ መሆኑን ሳስብ ተጽናናሁ፤ እስካሁንም አንድ በግ ቅሬታ አላቀረበም።

ሁለተኛ፣ ክላክስ ስነካ የፊት መብራቱ ይጠፋል። ሌሎች ድርጅቶች ሾፌሩን ማየትም መሰማትም አለብህ ብለው ሲያስጨንቁት፣ የእርስዎ ድርጅት ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ መፍቀዱ የሚያስመሰግን ነው።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ይረዝማልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ፍሬን ስይዝ ክላክሱ ይጮኻል። ጉም በወረደ ቀን ደግሞ አንዴ ከጀመረ አያቆምም፤ ቁልፉን ብነቅለውም ይቀጥላል፤ ባትሪው እየደከመ ሲሄድም ድምፁ እየወፈረና እየተቆራረጠ ቁርጥ የጋሽ ቅጣውን ጥሩምባ ይሆናል። ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ልግለጽልዎ፦ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጋሽ ቅጣው ማለዳ ጉብታው ላይ ወጥተው የእድሩን ጥሩምባ ይነፋሉ፤ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ፣ ወንዱ ቃሬዛና አካፋ ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

ሰኔ ላይ ጎረቤታችን እማማ ለተሥላሴ ጉንፋን ይዟቸው ከቤት ሳይወጡ ሰነበቱ። አንድ ማለዳ በጉም ውስጥ ከወፍጮ ቤት ያመጣሁትን ዱቄታቸውን ላወርድ ደጃቸው ላይ ፍሬን ያዝሁ። ዱቄቱ ሳይወርድ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። እማማ ለተሥላሴም ጩኸቱን ሰምተው ከዘራቸውን ይዘው በጓሮ በር ወጡ፤ በጉሙ ማንም ማንንም ሳይለይ ከሴቶቹ ጋር ተቀላቅለው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ሲወጣላቸው ለመሆኑ የሞተው ማነው ብለው ቢጠይቁ፣ ሟቿ እርሳቸው መሆናቸው ተነገራቸው። «እኔ እንኳ ገና ነኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጤናቸው ተመልሷል፤ ነገር ግን ለቀብራቸው እነማን እንዳልመጡ ኋላ አንድ በአንድ አጣርተዋልና ሰላምታ ነስተዋቸዋል። ዕርቁን ለማውረድ ሽማግሌ ሆነው ቢመጡልን ቦታው ለእርስዎ የተጠበቀ ነው።

ጋሽ ቅጣውም ያለ ፈቃድ ሥራዬን ነጠቀኝ ሲሉ እድሩ ፊት ከሰሱኝ። የእድሩ ዳኛ አቶ አፈወርቅ ግን ነገሩን ሰምተው፣ «ድምፁን የሰማ ሁሉ ይውጣ። ለቆመ ሰው አሥር ጊዜ ብንወጣ ምን እንሆናለን? ለሞተ ሰው አንድ ጊዜ ብንቀር ግን በምን ዓይናችን እንተያያለን?» ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር መንደሩ ይወጣል፤ ሞተሩን አይቶ እየረገመ ይመለሳል። የሚረገመው እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ፣ ስምዎ ባይታወቅም በማዕረግዎ እንደሚነሡ አረጋግጥልዎታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ቢሮዎ ሞተሩን ከጉም፣ ከእርጥበትና ከብርድ እንዳርቀው በስልክ መክሮኛል። መንዝ ውስጥ ከእነዚህ ነፃ የሆነ ቦታ ስፈልግ ከርሜ ስላጣሁ፣ ከግልገሎቹ ጋር ቤት አስገባሁት። እናቴ ለጽናት አራስነት ብላ የበጎቻችንን ፀጉር ፈትላ ያሠራችውን አዲስ ባና እንኳ ለሞተሩ አለበስሁት። ጽናት በዚያ ብርድ ያረጀ ጋቢ ተከናንባ እየተኛች፣ አንድ ቀን «ለመሆኑ ያረገዝኩት እኔ ነኝ ሞተሩ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ይኸው ወደ ቢሮዎ አስተላልፌአለሁ።

አምስተኛ፣ የላኩልን ባለሙያ አቶ አብርሃም ጨዋ ሰው ናቸው። የመጡት ፀሐይ በወጣችበት ቀን ነበርና ሞተሩ እንግዳ ማክበር ያውቃል፣ ምንም ሳያጠፋ ዋለ። ምንም ችግር የለበትም ብለው ፈረሙ። አመሻሽ ላይ ወደ አውቶቡስ ሳደርሳቸው ግን ጉሙ ወረደ፤ ሞተሩም እመንገድ ላይ ቀጥ አለ። አቶ አብርሃም የእግር መንገድ ለጤና ጥሩ መሆኑን ነግረውኝ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ፤ ፊርማቸውን ግን አልለወጡም።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር መስጠት አልፈለግሁም።

ነሐሴ ላይ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ጽናትን ምጥ ያዛት። ሞተሩን ገልጬ ባናውን እሷን አለበስኋት፤ ከኋላ ሳር ጎዝጉዤ አስተኛኋት፤ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ከልቤ መረቅሁዎ። ወደ ወንዙ የሚያወርደውን ቁልቁለት አጋምሰን ፍሬን ስይዝ መብራቱ ጠፋ፤ ሞተሩ ቆመ፤ ማስነሻው ሞተሪኖም አልሠራ አለ። ክላክሱ ብቻ ቀረ። ያ የመጀመሪያው ልጃችን የቀረበት ቦታ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ዕንባዬ መጣ። ፊውዙን ቀየርሁ፤ አልሆነም። ያ ጩኸት ጆሮዬን ሲበሳኝ ገመዱን ልበጥሰው ያዝሁት። ያን ጊዜ ጽናት ከኋላ፣ «ተወው፣ ይጩህ» አለችኝ።

ተውሁት፤ ጮኸ። እየወፈረ፣ እየተቆራረጠ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። ጋሽ ቅጣው ከፊት ናቸው፤ አቶ አፈወርቅ ቃሬዛውን በአንድ ጫፍ ይዘዋል፤ ከኋላ አካፋ የተሸከመም ነበረ። ማንም አልተሳደበም። ጽናትን በባናዋ እንደተጠቀለለች ቃሬዛው ላይ አደረጓት፤ ትከሻ እየተለዋወጡ፣ በአቋራጭ ወንዙን በወገባቸው ተሻግረው ዘመሮ ጤና ጣቢያ አደረሷት። በዚያው ረፋድ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷም እናቷም ደህና ናቸው። ስሟን ምስክር ብለናታል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ መብራቱን፣ ሞተሪኖውንና ፍሬቻውን እንዲያስተካክሉልኝ አሁንም በትሕትና እለምናለሁ። ክላክሱን ግን ማንም እንዳይነካው እድሩ በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ የጋሽ ቅጣው ረዳት ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ፦ ልጄን ጤና ጣቢያ ያደረሳት የእርስዎ ዕቃ አይደለም። ለሞተ ሰው መስሏቸው የወጡ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሲያገኙ ደስ ብሏቸው የተሸከሙ ጎረቤቶቼ ናቸው። ለእነሱ ያለኝን ምስጋና ከላይ ለእርስዎ ካቀረብሁት ጋር እንዳያደባልቁብኝ አደራ እላለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤናና ከስብሰባ የሚተርፍ ጊዜ እየተመኘሁ፣ የድርጅትዎ ታማኝ ደንበኛ፣ የጉም ወዳጅና ፊውዝ በመለወጥ እጁን ያፍታታ አገልጋይዎ ነኝ።

ምንተስኖት ጫኔ
ከዘመሮ ማዶ፣ መንዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምስክር ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ትነሣለችና ድግሱ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል። በራስዎ ድርጅት ባለሦስት እግር የሚመጡ ከሆነ ግን ቀኑን አስቀድመው ያሳውቁን፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ከማለዳው ጀምረው ዳገቱ ላይ ይጠብቁዎታል። አካፋውን ግን ቤት ትተው እንዲመጡ ነግሬአቸዋለሁ።