አባባ ዳብሰው የመረጧት መኪና

ይድረስ ለናፈቅከኝ ወንድም ጋሼ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛስ ከደስታ ብዛት ቤቱ አልበቃን ብሏል፤ ያገለገለች ቅንጡ ጂፕ ገዛን!

አርባ ዓመት መካኒክ የነበሩትን አባባን ማን ይሸውዳቸዋል? "ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳልኝ" ብለው ጆሯቸውን ደቀኑ። ዘይቱን አሸተቱ። እንደገና የተቀባውን በር በመዳፋቸው ዳስሰው አገኙት። ሻጩ "ሜትሩን ይዩት፣ ብዙ አልሄደችም" ሲላቸው፣ ያለቀውን የፍሬን ፔዳል ላስቲክ ዳብሰው "ይሄ ሁሉ ተረግጦማ ሜትሩ ተመልሷል" አሉና ዋጋውን አስቀነሱት። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ!

ቁልፍ ለሰው የማይሰጡት አባባ "አንቺ ንጂ" አሉኝ፤ እየበረርኩ ቤት ደረስን። ጎረቤቱ ሁሉ ቀለሟን ሲያደንቅ አባባ በሩን ይዳብሳሉ።

ስትደውል ስለ ሞተሯ ጠይቃቸው፤ ስለ ቀለሟ ግን አደራ፣ እንዳትጠይቃቸው።

ዘንድሮ መጥተህ አንተን በዓይናቸው ለማየት ያብቃቸው።

ናፋቂህ እህትህ