የቪላህ ድንጋይ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለዐብዱረሕማን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? የጂዳው ሙቀት በረድ አለልህ ወይስ አሁንም ያቃጥላል? ማኪና ስነዳ እንቅልፍ ያስቸግረኛል ካልክ ወዲህ እማ ሰግዳ ስትጨርስ ያላንተ ዱዓ የላትም። ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ? አብሮህ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ኡዘይርስ ያ ሳሉ ለቀቀው? የናፍቆቴን ነገር ተወው፤ ዛሬ ወረቀቱ ለሌላ ነገር ያስፈልገኛል።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ጤና ናት። ባሌ ሙስዓብም ልጆቹም ደህና ናቸው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ የእኔ ደግሞ የሐኪም አይደለም። በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተ ስትደውል ሁልጊዜ እማ ቤት ተሰብስበን ስለምናናግርህ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሆድ አይገለጥም። አሁን ለዑምራ የሚመጣ ጎረቤት ስላገኘሁ እንደ ልቤ ልጻፍልህ። ይኸውልህ ወንድሜ፣ ቀንቻለሁ። በማን ብትለኝ በገዛ እህታችን በፈህሚያ።

ከባሏ ተፋትታ ስፌት ማኪናዋን ብቻ ይዛ እማ ቤት መግባቷን ታውቃለህ። ዓመት ሙሉ ከእማ ሣጥን አጠገብ መሬት ላይ ስትተኛ ከርማ፣ ባለፈው ኅዳር ብድግ ብላ ቤት ልሠራ ነው አለች። የት? ስንላት ከአጥሩ በር አጠገብ፣ አንተ ለቪላህ ያስመጣኸው ድንጋይ ከተከመረበት ወዲህ ያለችውን፣ ዶሮዎች የሚጭሩባትን ቁራሽ መሬት አሳየችን። ስፋቷ የእኔን መኝታ ቤት አታክልም። ሳቄን መያዝ አቃተኝና የጎረቤት ሴቶች ፊት፣ ይኼ ቤት ነው የዶሮ ቆጥ? አልኳት። እሷን ታውቃታለህ፣ አትቆጣም። የዶሮ ቆጥም ቢሆን እየጮኸ የሚቀሰቅሰኝ አውራ ዶሮ የለበትም ብላ መለሰች። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የተሳቀው በቀድሞ ባሏ ይሁን በእኔ እስካሁን አልለየሁም።

ከቀበሌ ፈቃዷን አውጥታ ሰፈሩን ደቦ ጠራች። የአዲስ ዓለም ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣላት። ወንዶቹ የባሕር ዛፉን ቋሚ ተክለው ማገሩን መቱ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፤ ወጣቶቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው አቦኩት። እማ ንፍሮ ቀቀለች። እኔ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ ባለ ተረከዝ ጫማዬን እንዳደረግሁ ጥላ ሥር ቆሜ ነበር። ታዲያ ምን ባይ ጥሩ ነው! ማራኪ ሰፈር ባለው ቤታችን ለእኔ አንዲት ጀሪካን ውሃ አንሥቶ የማያውቀው ሙስዓብ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይረግጣል። ይስቃል ደግሞ! ቅናቴ የጀመረው የዚያን ቀን ነው።

ቤቷ ስታልቅ ገብቼ አየኋት። እንደ ባላገር ቤት ከፍ ያለ ቆጥ አሠርታ መኝታዋን እዚያ ሰቅላዋለች፤ በመሰላል ትወጣለች። ከቆጡ ሥር ዕቃዋና ጨርቋ በሥርዓት ተደርድሯል። ገበታዋ ግድግዳው ላይ በማጠፊያ የተመታች ሳንቃ ናት፤ ሲበላ ትዘረጋለች፣ ሲነሡ ትታጠፋለች። ስፌት ማኪናዋ መስኮቱ ሥር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው የሚጠበበውንና የሚሰፋውን ልብስ በመስኮት ያቀብላታል። እንከን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ነው፤ በድንጋዩ ክምር በኩል ያለው ግድግዳ መስኮት የለውም። ምነው ይኼን ጎን አፈንሽው? አልኳት። ሻይ ቀዳችልኝ። እማ አሁን ዐስርን የምትሰግደው እዚያ ነው። ሰግዳም ቶሎ አትመለስም።

እኔስ? ማራኪ ሰፈር ውስጥ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ የሚያበራ ቤት አለኝ እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። አከራያችን ልጄ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነውና እስከ ሰኔ ቤቱን ልቀቁልኝ አሉን። ከተጋባን ስንተኛው ቤት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፣ ስንት ጊዜ አድራሻ ቀይሬ ጽፌልሃለሁ። ሙስዓብም እኔም ዩኒቨርሲቲ እየሠራን፣ ሁለት ዲግሪ ቤት ውስጥ ሰቅለን፣ ከደላላ ኋላ ስንዞር እንውላለን። አከራዮቹ ኪራዩን ከመናገራቸው በፊት ልጅ አላችሁ ወይ? ይላሉ። ሁለት አሉን ስንል ፊታቸው ይጠቁራል። ለኮንዶሚኒየምም ተመዝግበን ነበር፤ ዕጣው ሁሉንም ሰው ያውቃል፣ እኛን ብቻ አያውቀንም። በቀደም ልጄ ዙህራ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ስትጽፍ አግኝቻት ልቆጣት ስል፣ እማዬ፣ አክስቴ ቤት ብጽፍ ግን ማንም ውጡ አይለንም አይደል? አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ለአባባ ሽመና ፈትል ታመጣለት የነበረችውን እትዬ የዓለምወርቅን ታስታውሳታለህ። የተከራየችው ቤት ተሸጦ ስትወጣ መግቢያ አጥታ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ታድር ነበር። ፈህሚያ ይኸን ስትሰማ ሰፈሩን እንደገና ደቦ ጠራችና ከእማ ቤት ጀርባ የእሷን መሰል ትንሽ ቤት አሠራችላት። አሁን እትዬ የዓለምወርቅ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ይኸን አይቶ የማይደሰት የለም፣ እኔም ተደስቻለሁ። ግን ማራኪ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ እንባዬ መጣ። ለባዳ እንኳ ቤት ሲሠራ፣ አንቺስ ሒክማ? ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ሙስዓብ ደግሞ የሥራ ባልደረባውን፣ መሐንዲሱን አንዳርጋቸውን ተማሪዎቹን አስከትሎ አመጣው። ለኩ፣ ፎቶ አነሡ። የከተማችን ሰው ትልቅ ቤት እሠራለሁ ሲል በኪራይ ያረጃል፤ ቦታ ያለው ሁሉ በየግቢው እንዲህ ያለችውን ቢሠራ ስንቱ ከበረንዳ ይነሣ ነበር አለ። ከዚያ ወዲህ የሙስዓብ ወሬ ፈህሚያ ብቻ ሆነች። ፈህሚያ እንዲህ አሰበች፣ ፈህሚያ እንዲያ አደረገች፤ እኔ ያሰብኩትን አንድ ቀን እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። መሐንዲሱ የክረምት ጎርፍ ጭቃውን እንዳይበላው ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ይግባ ብሎ ስለመከራት፣ ከአንተ ክምር ጥቂት ልውሰድ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጠባቂው እኔ ነኝና። አንጀቴ አርሮ ስለነበር፣ የዐብዱረሕማን ቪላ ድንጋይ ለዶሮ ቆጥ አይሆንም ብዬ ከለከልኳት። ከአንገረብ ወንዝ አስመጣች። ጎረቤት ሒክማ ቀንታብሻለች ሲላት፣ ምቀኛ አያሳጣኝ ብላ ሳቀች አሉ።

ስለ ድንጋዩ ስጽፍልህ አትቀየመኝ፣ ታላቄ ነህና ቁጣህንም እፈራለሁ። ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት ሆነህ። ድንጋዩን አስመጣህ፤ ቀጥለህ የቪላውን ፎቶ ላክህ፣ ባለ ዓምዱን፣ ባለ ሰገነቱን። እማ ከካዕባው ሥዕል አጠገብ ሰቅላዋለች፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የልጄ ቤት ነው ትላለች። ምድር ቤቱ የሒክማ ነው ስላልከኝ እኔም ያን ሁሉ ዘመን ጥርሴን ነክሼ በሰው ቤት ቆየሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። ድንጋዩ ላይ ሣር በቅሏል፤ የሰፈሩ ልጆች ድብብቆሽ ይጫወቱበታል።

ትናንት ታዲያ ሙስዓብ ምን ይለኛል? አንዳርጋቸው እሱ ባለበት ያን መስኮት የሌለውን ግድግዳ አይቶ ምክንያቱን ጠይቋት ነበር። እሷም፣ በዚህ ጎን የምትጠጋኝ ሒክማ ናት፤ አንዱ ግድግዳ ተሠርቶ ይጠብቃታል አለችው። ታዲያ ምነው አትነግሪያትም? ቢላት፣ እኔ ብነግራት ታኮርፋለች፣ እስክትጠይቀኝ ነው የምጠብቃት አለች። ሙስዓብን እንዳይነግረኝ አስምላው ኖሯል፤ ከደላላው ጋር ስጨቃጨቅ ሲያየኝ ግን አላስቻለውም። ወላሂ ወንድሜ፣ በቤቷ የቀናሁት አንሶኝ አሁን ደግሞ በልቧ ቀናሁ፤ ይኼኛው ከቤቱ ይበልጥ ያማል።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። የፈህሚያ ግድግዳ የሚጠብቀኝ፣ ያንተ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ላይ ነው። እማ ደግሞ ቦታውን አባባ ለዐብዱረሕማን ተናዞለታል፣ ያለ እሱ ቃል አንዲት ድንጋይ አትነሣም ብላለች። ቃልህን ላክልኝ ወንድምዓለም። ቪላህን ተው አልልህም፣ አላህ ያሳካልህ። ግን እዚያ ቦታ ላይ የእኔዋ ተሠርታ፣ አንተም ስትመጣ የምታርፍባት ሌላ አንዲት ተጨምራ፣ ለልጆቹ መሮጫ ይተርፋል። ፎቶ ውስጥ ገብቶ የተኛ ሰው የለም። ዝናቡ ሳይመጣ ምርጊቱ መድረቅ ስላለበት መልስህ አይዘግይብኝ፤ ከዘገየ ክረምቱን ከነልጆቼ የት እንደምገባ አላውቅም። የዚህኛውን ደቦ ጭቃ ጫማዬን አውልቄ ራሴ እረግጣለሁ። ሙስዓብም ከጎኔ ይሰለፋል፤ ለእህቴ ያወቀውን እግር ለእኔ ይርሳና አየዋለሁ!

ለኡዘይር ሰላም በልልኝ፤ ለሳሉ ጥቁር አዝሙድ በማር ይላስ። አብረውህ ላሉት ያገራችን ልጆችም ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማ ዱዓዋንና ሰላምታዋን ልካልሃለች። ሙስዓብ ሰላም ብሎሃል። ትንሹ ልጄ ስምህን መጥራት ለምዷል። ዙህራ ለአጎቴ ሰላም በይልኝ፣ ባለ ቀለም እርሳስ ይላክልኝ ብላለች፤ ምን ላይ ልትጽፍበት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እትዬ የዓለምወርቅ ለጋቢህ እየፈተለች ነው። ፈህሚያም ሰላም ብላሃለች፤ ይኸን መጻፌን አታውቅም። ፈቃድህን ስትልክ ታዲያ አንድ ነገር አደራ፤ የሒክማ ቤት ከፈህሚያ ቤት በአንድ ክንድ ይስፋ ብለህ ጻፍልኝ። ከአንተ የመጣ ይምሰል።

የምትወድህ እህትህ ሒክማ

ጎንደር፣ ማራኪ
መጋቢት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.