ሁለቱም እጅጌ የግራ ነው

የቤት ጓደኛዬ፣ እህት ዓለም፣

ጽሑፌን እንደምንም ታግሰሽ አንብቢው፤ እጄ ዛሬ ብሶበታል። ምግብሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ አሙቂው። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጠበቅ አድርገሽ ዝጊ፣ ማንጠባጠቡን አልተወም።

እናትሽ ለወንድምሽ ሠርግ እንድትለብሰው የምሰፋላት ቀሚስ አልጋሽ ላይ ነው። እንዳትወስጂላት።
ሁለቱም እጅጌ የግራ ነው።

ትናንት «ደረሰ ወይ?» ስትዪኝ፣ «በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅ ምን ላድርግልሽ!» ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺም አዘንሽልኝ። ግን መቀሱ የሄደበትን እዪው፣ ቀጥ ያለ ነው። ያጠፋው እጄ አይደለም። አንዱን እጅጌ ቆርጬ ስጨርስ የትኛው እንደቀረኝ ጠፋብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ልብስ የሰፋሁ ሴትዮ ጨርቅ ይዤ ተገትሬ ቀረሁ። አንቺ እዚያው ሳሎን ነበርሽ፤ መጠየቁ አሳፈረኝና በግምት ቆረጥኩት።

ሐኪሙ ባለፈው «መንቀጥቀጡ አንዳንድ ሰው ላይ ማሰብና ማስታወስንም ይነካል፤ አንቺስ?» ሲለኝ፣ «ኧረ ጭንቅላቴስ ደህና ነው!» ብዬ ሳቅሁ። በሩ ጋ ቆመሽ ሰምተሻል። ራሴ ያስቀመጥኩትን ቁልፍ ደበቅሽብኝ ብዬ የተጣላሁሽ በዚያው ሳምንት ነበር። አላጋለጥሽኝም።

ስለ እጄ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራለሁ። ይሄን ግን ለአንቺ እንኳ ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ።

ጨርቅ ሻጩ ጋ ሄጃለሁ። ያንኑ ቀለም ካገኘሁ፣ የቀኙን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታስቆርጪኛለሽ።

ነገ ሐኪሙ ጋ ስገባ ውጪ እንዳትቀሪ። አብረሽኝ ግቢ። እኔ ደግሜ ከዋሸሁት፣ አንቺ ንገሪው።