ከስሮ የተነሣ ሰው በብድር ገምጋሚነት እንዳይሠራ ስለመደረጉ

ለ፦ የገንዘብ ተቋማት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 18

አመልካች፦ የቀድሞ የባንክ ብድር ገምጋሚ፣ አሁን ሥራ ፈላጊ

ጉዳዩ፦ በቃል የተከለከልኩት ሥራ በጽሑፍ እንዲፈቀድልኝ፣ አለበለዚያም በጽሑፍ እንድከለከል ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በሙያዬ የብድር ገምጋሚ ነኝ። ትምህርቴን እንደጨረስኩ በአንድ ባንክ ተቀጥሬ፣ ፀጉሬ ሽበት ጣል ጣል እስኪያደርግ ድረስ ብድር የጠየቀ ሰው መክፈል ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ ሳመዛዝን ኖሬአለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልደረሰኝም። ባንኩን የለቀቅኩትም ባለቤቴ የከፈተውን ዳቦ ቤት ለማገዝ ብዬ በገዛ ፈቃዴ ነው።

2. ዳቦ ቤቱ ጥሩ ይሠራ ነበር። ኋላ ግን ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ ለፍሳሽ ቧንቧ ተብሎ ተቆፈረ። "ቶሎ ይደፈናል" አሉን። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፣ ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ባለቤቴ ሰው እንዲሻገር ሳንቃ አጋደመበት፤ ዝናብ ሲነካው ያ ሳንቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን እስከ መሐሉ መጥታ፣ ሆዷን ይዛ፣ ወደ ኋላዋ ስትመለስ ያየሁ ዕለት ነገራችን እንዳበቃለት ገባኝ። ምድጃው በብድር የተገዛ ነበር፤ የብድሩ ዋስ ደግሞ እኔ። ስለዚህ ኪሳራው ሁለታችንንም ይዞን ወረደ።

3. ፍርድ ቤት ኪሳራችንን ሲያውጅ ምድጃውንም፣ ማቡኪያውንም፣ የምንኖርበትንም ቤት አንዲት ብረት ድስት ሳንደብቅ አስረከብን። ከዚያም ገንዘብ ጠያቂዎች ድርሻቸውን ካገኙ በኋላ፣ ያው ፍርድ ቤት በኪሳራው ውስጥ ማጭበርበር እንደሌለበት አረጋግጦ መብቶቻችን ሁሉ እንዲመለሱልን ወሰነ። ባለቤቴ ከችሎቱ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ፣ "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ነን" አለኝ። አመንኩት። እሱ አሁን በሰው ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ያቦካል። የምንኖረው ከታላቅ እህቴ ዘንድ ነው። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀን ደንበኞቿ ፀጉራቸውን የሚተኮሱበት ክፍል ማታ የእኛ መኝታ ይሆናል። ፍራሹን ከመዘርጋታችን በፊት የወደቀውን ፀጉር የምጠርገው እኔ ነኝ።

4. ሥራ ፍለጋ ያልረገጥኩት ባንክ፣ ያላንኳኳሁት የብድር ተቋም የለም። ፈተናውን አልፋለሁ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ይስቁልኛል፣ ከዚያ "እንደውልልዎታለን" ይሉኛል። ስልኬ ግን አይጮህም። እህቴ ይህን እያየች፣ "አንቺ፣ ገምጋሚነቱን ተይና ዘበኝነቱን ጠይቂ፤ ጠመንጃ ሳይሰጡሽ አይቀሩም፣ እስክሪብቶ ነው የሚከለክሉሽ" ትለኛለች። ትቀልዳለች፤ እኔም እስቃለሁ።

5. በመጨረሻ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ቀጠረኝ። ኪሳራዬን ሳልጠየቅ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮም፣ "የወደቀ ሰው ብድር ምን እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሰኞ ይጀምሩ" አሉኝ። ጀመርኩ። በመስኮት በኩል ያለችውን ወንበር ሰጡኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያው ቀን ጫማዬን በገዛ እጁ ቦረሸልኝ።

6. ብዙም ሳልቆይ፣ አንድ የመስታወት ነጋዴ ፊቴ ተቀምጦ ስለ ሱቁ እያስረዳኝ ሳለ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ መጥቶ ትከሻዬ አጠገብ ቆመ። "እህቴ፣ ለአንድ አፍታ ብንነጋገር" አለ። ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቄ ተነሣሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ "በችሎታሽ አይደለም፤ ስምሽ የከሰሩ ሰዎች መዝገብ ላይ አለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቢያይ በእኛ ይቆጣል" አለኝ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ብነግረው፣ "ገባኝ፣ ግን እኔም የልጆች አባት ነኝ" አለ። ጃኬቴን ከወንበሩ ላይ ላነሣ ስመለስ ነጋዴው ገና ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ምን ብዬ እንደተሰናበትኩት አላስታውስም።

7. በማግስቱ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት መጣሁ። በምድር ቤት ባለው የአቤቱታ መስኮት የተቀመጠው ሠራተኛ መመሪያውን ገልጦ ካየ በኋላ፣ "በማጭበርበር የከሰረን እንጂ እንደ እርስዎ ያለውን አንከለክልም፤ ተቋሙን ይጠይቁ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ተቋሙ ሮጥኩ። ተቋሙ፣ "ያሉትን በጽሑፍ ያምጡ" አለ። ተመልሼ መጣሁ። ያው ሠራተኛ፣ "ለሌለ ክልከላ ደብዳቤ አይጻፍም" አለኝ። የተከበሩ ኃላፊ፣ የሌለ ክልከላ ነው ከወንበሬ ያስነሣኝ። ያለ ቢሆንማ ይግባኝ እልበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእናንተ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እናንተ እንደ ኳስ ስንከባለል የጫማዬ ተረከዝ አለቀ።

8. በዚህ መሐል በገንዘቡ ዘርፍ የተቀበለኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ዕዳ አስመላሽ ድርጅት። ባለቤቱ ማመልከቻዬን አንብቦ ፊቱ በራ። "አንቺን ነበር የምፈልገው! የከሰረ ሰው የት እንደሚደበቅ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?" አለኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይገባኝ፣ ችግር ስለጠናብኝ እሺ አልኩ።

9. የላከኝ ወደ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ከውጭ ስሰማ የስፌት መኪናው ይንኳኳል፤ በሩን ስመታ ቀጥ አለ። አማቷ ብቅ ብለው፣ "የለችም፣ ልጄ፤ ወጥታለች" አሉኝ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። እኛም ቤት በር ሲንኳኳ ሬዲዮ ይጠፋ ነበር። ልጮህ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ላደርግ ነበር የተላክሁት። አልሆነልኝም። "እማማ፣ ስትመለስ ይንገሯት፤ ሳይከሷት በፊት አበዳሪዋ ዘንድ ሄዳ የጊዜ ማራዘሚያ ትጠይቅ፤ መብቷ ነው" ብዬ ልሄድ ስል ልብስ ሰፊዋ ራሷ ክር በአንገቷ እንደተንጠለጠለ ከጓዳ ወጣች። ተቀምጠን ማመልከቻዋን አብረን ጻፍን። ኋላ እንደሰማሁት ማራዘሚያውን ሰጥተዋታል፤ የስፌት መኪናዋም አልተወሰደባትም። እኔ ግን ባዶ እጄን ስመለስ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረርኩ። "ሰው ስታስለቅሺ አይደለም እንዴ የምከፍልሽ?" አለኝ የድርጅቱ ባለቤት።

10. ያቺ ሴት እኔም ከስሬ እንደነበር ስነግራት አይኗን ተክላ አየችኝ። "ታዲያ ከከሰሩ በኋላ ሥራ ይገኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን አቤቱታ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

11. የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ይሁን፤ የፍርድ ቤቱን ምሳር ችዬዋለሁ፤ እሱ ቆርጦ ሲያበቃ "በቃ" ብሏል። ይኼኛው ግን እጀታው በማን እጅ እንዳለ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ. በማጭበርበር ሳይሆን በደረሰበት ጉዳት የከሰረና መብቱ በፍርድ የተመለሰለት ሰው በብድር ገምጋሚነት መቀጠር ይችል እንደሆነ በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም መልስ እንዲሰጠኝ፤

ለ. መልሱ "ይችላል" ከሆነ፣ ያው መልስ ወንበሬን ለወሰደው ተቋም እንዲላክ። ሥራ አስኪያጇ ቦታው እስካሁን ሰው እንዳልተቀጠረበት ነግረውኛል።

መልሱ "አይችልም" ከሆነም ይጻፍልኝ። አነብበዋለሁ፣ ለፍርድ ቤትም አቀርበዋለሁ፤ እዚያም ከተረታሁ ከእህቴ ፀጉር መሥራት እማራለሁ። በቃል ብቻ ተከልክሎ መኖር ግን ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ይህን ማመልከቻ ያስገባሁት በእጄ ነው፤ መልሱንም በእጄ ለመውሰድ ምድር ቤት ካለው መስኮት አጠገብ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የብድር ገምጋሚ

አባሪ፦ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቅጂ፣ የቀድሞው ባንክ የሥራ ልምድ ማስረጃ

ግልባጭ፦ ለቁጠባና ብድር ተቋሙ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ