የሐሙሱ በርሜል

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እትዬ፦

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም «እህ» ያሰኝሻል? የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው? የልጆቹ ትምህርትስ እንዴት ነው? ጣሪያሽ ላይ ያስገባሽው የፀሐይ መብራትስ ጠባዩ ተሻሻለ? ባለፈው «ደመና በሆነ ቁጥር እንደ አዲስ ሙሽራ ያኮርፋል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳ አንኳኳብኝ። እኔ ናፍቆታችሁ ካልተቆጠረ ደህና ነኝ። ከተቆጠረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ወደ ወሬዬ ከመግባቴ በፊት ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ቅሌት ላጫውትሽ፤ ለባልሽ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢለት ብቻ። ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ያቀፈቻት ሕፃን አፍንጫዋን ወደ እጅጌዬ አስጠግታ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ «ድንች ስጪኝ» አለችኝ። የለኝም ስላት «ደብቃው ነው!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ ሦስት ጊዜ በሳሙና ብታጠብ የማይለቅ የጥብስ ጠረን ነው። ትራሴ ሳይቀር ድንች ድንች ይላል።

በደብዳቤሽ «ሰው የሚበላውን ዘይት ለመኪና ታጠጣላችሁ አሉ፣ ግፍ አይሆንም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አይደለም እትዬ። እኛ የምንሰበስበው ተጠብሶበት ተጠብሶበት የጠቆረውን፣ ምግብ ቤቶች ቱቦ ውስጥ የሚደፉትን ነው። ይጣራል፣ ውሃው ይወጣለታል፣ ከአልኮልና ሳሙና ከሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በናፍጣ ፋንታ መኪና ይነዳል። እኔ የምነዳት ትንሽ የጭነት መኪና ራሷ በእሱ ነው የምትሄደው፤ ጭስ ማውጫዋ እንደ እኔ ጥብስ ጥብስ ይላል፣ እኅትማማች መስለናል። ያ ዓይን የሚያቃጥለው ጥቁር ጭስ ግን የላትም። ችግሩ ነዳጁ ብርድ አይወድም፤ ውርጭ ባለበት ጠዋት እንደ ቅቤ ይረጋና ሞተሯን አባብለን ነው የምናስነሳት። ደግሞም የከተማው ጥብስ ሁሉ ቢሰበሰብ የከተማውን መኪና አያጠግብም። «ታዲያ ለነዳጅ ብቻ የሚሆን የቅባት እህል በሰፊው እናስዘራ» የሚሉ ሰዎች ሲመጡ አለቃችን «መሬቱ ከማን አፍ ተነጥቆ ነው?» እያለ ይጣላቸዋል። አየሽ፣ ያንቺ ጥያቄ እሱም ጋ አለ።

ሥራው ግን ብቸኛ ነው። እዚህ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ ከተማውን ከጓሮው ብቻ ነው የማውቀው። የምግብ ቤቶቹ መጋረጃ ምን ዓይነት እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም፤ የቆሻሻ ገንዳቸውን፣ የተሰጣ መወልወያቸውን፣ ሲጋራ ለማጨስ የሚወጡ አስተናጋጆቻቸውን ግን አብጠርጥሬ ልነግርሽ እችላለሁ። እደውላለሁ፣ አንድ እጅ በርሜሉን ገፍቶ ያወጣልኛል፣ ባዶውን እተካለሁ፣ በሩ ይዘጋል። ከጠዋት እስከ ማታ የገዛ ድምፄን የምሰማው መኪናዋን «ነይ እንጂ፣ አታስቸግሪኝ» ስላት ብቻ የሆነበት ቀን አለ። ቤት ስገባ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ። አንድ ሳህን ለማጠብ የተከፈተ ውሃ ምን ያህል እንደሚጮህ አታውቂም።

ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሰው እሆን ነበር። የአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚመገቡበት ኩሽና አለ። ዋናዋ አብሳይ በዕድሜ ካንቺ ጥቂት ትበልጣለች፤ ክንዷ እንደ ዘነዘና፣ ምላሷ እንደ ምላጭ። የመጀመሪያ ቀን ስታየኝ «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ የከረመ ዘይት መሰለ፣ ምሳ በልተሻል?» አለችኝ። በልቻለሁ ስላት «ውሸታም፣ ሆድሽ ሲጮህ ይሰማኛል» ብላ የተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀምጣ አበላችኝ። «እርስዎ» ስላት ደግሞ «ማንን ነው? ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» እያለች በግድ «አንቺ» አስባለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር አሥር ደቂቃ ነበረችኝ። ዕቃ አጣቢዎቹን ትሳደባለች፣ ምራቷን ታማልኛለች፣ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች። ስምሽን ታውቀዋለች። እኔን የምትጠራኝ «ዘይቴ» እያለች ነበር።

አሁን ጥፋቴን ስሚ። በርሜል ከመጫኔ በፊት ከሥሩ በረጅም ቱቦ ትንሽ ዘይት ቀድቼ ይዣት በምዞር ምድጃ ላይ፣ በመጥበሻ ማጋል አለብኝ። ዝም ካለ ደግ ነው። ከተንጣጣ ውሃ አለበትና አይጫንም፤ ምክንያቱም ውሃ ያለበት ዘይት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ነዳጅ መሆኑ ይቀርና ሳሙና ይሆናል። በየበሩ ይህን አደርጋለሁ፤ እሷ በር ላይ ግን አላደርግም ነበር። ያበላችኝን ሴት ፊት ለፊቷ ቆሜ ዘይቷን ልፈትን? የቀረበለትን እያገላበጠ እያሸተተ እንደሚበላ እንግዳ? ይሉኝታ ያዘኝ። መዝገቡ ላይ «ተፈትኗል» የሚለው ጋ ምልክት እያደረግኩ ስምንት ወር ጫንኩ። ምንም ስላልሆነ እኔም የወደዱት ሰው ዘይት ውሃ የማይኖረው መሰለኝ።

ከአንድ ወር በፊት ጉድ ፈላ። ማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በእኛ ነዳጅ ይሞከሩ ብሎ ስለፈቀደ የሙከራውን ነዳጅ ስናዘጋጅ፣ ጠዋት የታንከሩ ክዳን ሲከፈት የተገኘው እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ነገር ነው። ሳሙና! ማዘጋጃ ቤቱ «አንድ ዕድል ብቻ ቀርቷችኋል» አለን። አለቃችን፣ ደረት ኪሱ ላይ የማይነቀል ቴርሞሜትር ስላለ «ቴርሞሜትር» ነው የምንለው፣ በቀጥታ ወደ አጣሪው ሽማግሌ ሄደ። እሳቸውን ደግሞ «ጋሼ ወንፊት» እንላቸዋለን። «ውሃው ሳይዘቅጥ ነው የለቀቁት፤ ዓይንዎ ደክሟል፤ ቤትዎ ቢያርፉ ይሻላል» አላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

የሆዴን በሆዴ ይዤ ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው የዕቃ ሣጥናቸውን ሲያራግፉ አየሁና አላስቻለኝም። ቴርሞሜትር ጋ ገብቼ የሐሙሱን በርሜል ሳልፈትን የጫንኩት እኔ ነኝ አልኩት። ለምን ሲለኝ አፍሬ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ «ይሉኝታ ውሃ አያደርቅም፣ እኅቴ። ሐሙስ ሄደሽ ፊቷ ትፈትኛለሽ፤ ካልሆነልሽ ቁልፉን አስረክቢ» አለኝ። ጋሼ ወንፊት ይቅርታ ስጠይቃቸው «እኔማ እውነትም ዓይኔ መስሎኝ መነጽር ላሠራ ነበር» ብለው ሳቁ። ከስድብ ባሰብኝ።

ሐሙስ «ዘይቴ መጣች!» ብላ ሣጥኑን ገለበጠችልኝ። ምድጃዬን ሳወጣ «ዛሬ ደግሞ አንቺ ልታበስዪልኝ ነው?» ብላ ቀለደች። ዘይቱ ከማንኪያዬ መጥበሻው ላይ ጠብ ሲል፣ እትዬ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደወረደ በረዶ ተንጣጣ። ትርጉሙንና የአውቶቡሶቹን ነዳጅ ጉድ ስነግራት ማንኪያውን ከእጄ ቀምታ ራሷ ሞከረችው፤ ደግማ ሞከረችው። ከአጣቢዎቹ አንዷ መሬት መሬት እያየች፣ የማጠቢያው ቱቦ ከተደፈነ ወዲህ የመጥበሻ እጣቢውን በርሜሉ ውስጥ እንደሚደፉ ተናገረች። አብሳይዋ እሷን አልተቆጣቻትም። ወደ እኔ ዞራ ስንት ጊዜ ሳልፈትን እንደጫንኩ ጠየቀችኝ፤ ስምንት ወር አልኳት። «እኔ ልጄ ያልኩሽ እንድታፍሪኝ አይደለም። ብትነግሪኝ ያን ቀን አስተካክለው ነበር። አሁን ኩሽናዬን የልጆች አውቶቡስ ነዳጅ ያበላሸ አሰኘሽብኝ» አለችና ገባች። በርሜሉን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

በቀጣዩ ሐሙስ በርሜሉን ታጥቦ፣ ክዳኑ በገመድ ታስሮ በሩ ላይ አገኘሁት። ፈተንኩት፤ ጭጭ። ከሃያ ሁለቱ በሮቼ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዘይት ገጥሞኝ አያውቅም። ያስረከበችኝ ግን አጣቢዋ ናት፤ «ሥራ በዝቶባታል» አለችኝ። የአብሳይዋ ድምፅ ከውስጥ ይሰማኛል፣ አንዱን እያብጠለጠለችው ነው። ምናለ እኔን በሰደበችኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ወዲህም ሐሙስ እንዲሁ ነው።

ከዚያ ዘይት የተሠራው ነዳጅ ትናንት በሁለት አውቶቡሶች ተሞከረ። ብርድ ስለነበር አንደኛው አልነሣም ብሎ አስለመነን፤ ሾፌሩ «ነዳጁ ራሱ ቁርስ ይፈልጋል እንዴ?» አለ። በመጨረሻ ተነሣ። ተማሪዎቹ ጭሱን ፈልገው አጡት። ሁሉም ሲያጨበጭብ ጋሼ ወንፊት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የእኔ ዓይን ግን ሰው ይፈልግ ነበር። ይህን ማየት የነበረባት እሷ ነበረች፤ የእሷ ኩሽና ያበላሸውን የእሷ ኩሽና እንደጠገነው ማንም አልነገራትም።

ስለዚህ ነገ እሑድ፣ በዕረፍቴ፣ እሄዳለሁ። ፋብሪካው እሑድም ይሠራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ትወጣለች። ያለ መኪና፣ ያለ በርሜል ሄጄ የፋብሪካው መውጫ ላይ እቆምና እነግራታለሁ። የምለውን መስታወት ፊት ስለማመድ «ስምንት ወር ስለዋሸሁሽ ይቅርታ» ከሚለው ወዲያ አልሄድልኝ አለ። ምን እንደሚያስፈራኝ ልንገርሽ? ቁጣዋ አይደለም። ጨዋ ሆና «ደህና ነሽ?» ብላኝ እንዳታልፍ ነው።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይል። ትልቋ ልጅሽን ጽሕፈቷ ከእኔ እንደበለጠ ንገሪያት። መንትዮቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፤ ለአንዱ በዛለት ብለው እንዳይጣሉ። አክስታችንን ጉልበቷን ስመሽ እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ የላከችው ሹራብ ባይኖር ኖሮ እኔም እንደ ነዳጁ ረግቼ ነበር።

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ የእኔ ነገ ካለፈ ሰንብቷል። ቢሆንም ያለችኝን ቃል በቃል፣ ዝም ካለችኝም ዝምታዋን ሳልቀንስ ሰኞ ጠዋት ጽፌ እልክልሻለሁ።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እኅትሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከዘይት ማጣሪያው ማዶ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን