ለስድስት ፍሬ አተር ስለተደረገው ጭብጨባ

ለተከበሩ የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ ይብዛ፣ ድምፅዎ አይዘጋ፣ በየጠዋቱ በሰልፍ ላይ የሚይዙት ማይክሮፎንም ባትሪው አይለቅ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላስረክብ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረችኝ፤ በሩ ላይ የተለጠፈው የስብሰባው ርዕስ «ወላጆችን የማዳመጥ ባህል» የሚል ስለነበር፣ ከእንዲህ ያለ ቁም ነገር ላይ ላነሳዎ ድፍረቱን አጣሁ። ስለዚህ በግልጽ ጽፌ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬያለሁ፣ ሌላውን ደግሞ ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ማንነቴን ምናልባት ከዘነጉት፣ ከትምህርት ቤቱ በር ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ያለው አትክልትና ፍራፍሬ ቤት የእኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቲማቲም ስመርጥ፣ የጠወለገ ጎመን ላይ ውኃ ስረጭ፣ ፓፓያ በአውራ ጣቴ ተጭኜ መብሰሉን ሳረጋግጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አበላሏ የወፍ ስለሆነ ቤት ውስጥ «ድንቢጥ» እንላታለን። ዳቦ ትበላለች። ፓስታ ስጎ ካልነካው ትበላለች። እንቁላል አስኳሉ ከወጣለት፣ ሩዝም ነጭ ከሆነ ትበላለች። ቀለም ያለው ነገር ሳህኗ ላይ ካየች ግን ከንፈሯን ገጥማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። የአትክልት ነጋዴ ልጅ አትክልት አትበላም፤ ለሠፈሩ ሰው ይህ ብቻውን በቂ መሳቂያ ነበር።

እርስዎ ቁጥር ስለሚወዱ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. «የአምስቱ ቀለማት ቅጽ» ስለተባለው ወረቀት ከልብ አመሰግናለሁ። ወላጅ ልጁ በዕለቱ የበላውን ቀለም፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ እያለ ራይት አድርጎ ይፈርማል፤ ዓርብ ዓርብ የልጆቹ ስም በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጎበዞቹ በአረንጓዴ ቅጠል ሥር፣ መካከለኞቹ በቢጫ ቅጠል ሥር፣ የማይበሉት ደግሞ በደረቀ ቅጠል ሥር። እኔ ሞኙ «የበላችውን ይሙሉ» ማለት የበላችውን ሙላ ማለት መስሎኝ እውነቱን ጻፍኩ። ሰኞ፦ ካሮት አየች። ማክሰኞ፦ ሙዝ ነከሰች፣ ተፋች። ረቡዕ፦ ስለ ቲማቲም ተነጋገርን።

ዓርብ ዕለት ከሠላሳ ስምንት ልጆች መካከል በደረቀው ቅጠል ሥር የእሷ ስም ለብቻው ቆሞ አገኘሁት። ለካስ ሌሎቹ በሳምንት አራት ቀን ቀይ ሥር ይበላሉ። በአካባቢው ከእኔ በቀር ቀይ ሥር የሚሸጥ ስለሌለ፣ የእኔም ቀይ ሥር ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ይጨማደድ ስለነበር፣ ልጆቹ ከየት እያገኙ እንደሚበሉት ብዙ ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር።

2. ቢሮዎ አስጠርተው ስለመከሩኝም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «አባት፣ ያውም አትክልት እየሸጡ! ትንሽ ጥረት ያድርጉ እንጂ» ሲሉኝ ጸሐፊዎም የሂሳብ መምህሩም ይሰሙ ነበርና፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አትክልቱን በሚስብ ቅርጽ እንዳቀርብላት ነግረውኝ ስለነበር፣ ያን ዕለት ማምሻውን ካሮት በአበባ ቅርጽ፣ ዱባ በኮከብ ቅርጽ ቆረጥኩላት። ልጄ አመስግና አበቦቹንና ኮከቦቹን መስኮቱ ጠርዝ ላይ በመስመር ደረደረቻቸው፤ በሦስተኛው ቀን ጉንዳን ሲወራቸው አለቀሰችላቸው። ካሮቱን ፍቄ ሩዝ ውስጥ ደበቅኩት፤ ምስር እንደሚለቅም ሰው አንገቷን ደፍታ አንድ በአንድ አውጥታ ሳህኑ ዳር ከመረችው። ሩዙ እስኪያልቅ አንድም አላመለጣት።

እናቷ ልብስ ስፌት ቤት ስትሠራ ውላ ወገቧ ተቆርጦ ነው የምትገባው። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና አምስት ፍሬ ፎሶልያ ሳህኗ ላይ አስቀምጣ፣ እሱን ሳትጨርሺ ከወንበሩ አትነሺም አለቻት። ልጅቷ ጎረሰችው። እሰይ ብለን ተያየን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጉንጯ እንዳበጠ፣ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ተኝታ ነበር። ጣቴን አፏ ውስጥ አስገብቼ ፎሶልያዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው፤ የጥርስ ምልክት እንኳ የለባቸውም። እናቷ ማጀት ገብታ የቧንቧውን ውኃ ከፈተች። የምታጥበው ዕቃ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ስታለቅስ እንዳንሰማት ነው።

3. ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኬሻ እሸት አተር ገብቶልኝ፣ ዓይናቸው ለደከመ አንዲት ደንበኛዬ እየፈለፈልኩ ነበር። ድንቢጥ ማንም ሳይጠራት መጥታ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ አለችና አብራኝ መፈልፈል ጀመረች። ጥቂት እንደቆየን እጇ ወደ አፏ ሲሄድ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ቀጨም የሚል ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ቶሎ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋትና ያንኑ ሽንኩርት ሦስት ጊዜ መዘንኩት፤ የሚዛኑ ሳህን እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ እየቆጠርኩ ነበር። ሁለት፣ ሦስት። በመሐል አንድ ሰው ሎሚ ሊገዛ ሲገባ በእጄ አፌን ይዤ ለመንኩት፤ ሰውዬው ሌባ የገባ መስሎት በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ። በጠቅላላው ስድስት ፍሬ በላች። ለእናቷ በሹክሹክታ ስነግራት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ጥሬውን?» አለችኝ። «ጥሬውን» አልኳት። ሰርግ እንደተጠራን ሁሉ ፊታችን በራ፤ ነገር ግን ልጅቷ እንዳታይብን ተራ በተራ ነበር ፈገግ የምንለው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው፤ በእርስዎ አላመካኝም። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እኔም ኩራቴ ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ቅዳሜ፣ አረንጓዴ፣ ስድስት ፍሬ አተር፣ ጥሬ፤ ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ሹራቧን ረስታ ሄዳ ስለነበር ላደርስላት መጥቼ በሩ ላይ ሳለሁ ድምፅዎን በማይክሮፎን ሰማሁት። መድረኩ ላይ አቁመዋታል። «ከደረቀው ቅጠል ለመውጣት ትግል ጀምራ፣ ቅዳሜ ዕለት ስድስት ፍሬ አተር ለበላችው እህታችሁ፣ ለእያንዳንዱ አተር አንድ አንድ ጭብጨባ! እየቆጠራችሁ!» አራት መቶ ልጅ በአንድ ድምፅ እየቆጠረ አጨበጨበ። ስድስት ላይ ሲደርሱ ሳቁ ፈነዳ። ልጄ ጫማዋን ጫማዋን ታይ ነበር። ሹራቡን ሳቀብላት እጄን አልያዘችውም።

ልብዎ ቅን እንደነበር አልጠራጠርም፤ ማበረታታትዎ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሏ ልጆች «ስድስት አተር» ነው የሚሏት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ አልገባ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አዲስ አተር እንደመጣ፣ እንፈልፍል ወይ ብዬ ስጠይቃት ዞር ሳትል፣ «አባዬ፣ ትነግራቸዋለህ» አለችኝ።

አተሩን ብቻዬን ፈለፈልኩት።

4. አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ ኑዛዜ ነው። በዚያው ሰሞን ከልጄ ጋር አንድ ክፍል የሚማሩ መንታዎች እናት ድንች ልትገዛ መጥታ የእኔን ቅጽ ሚዛኑ አጠገብ አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ደግሞ! ይህን ሁሉ ታሪክ ማን ጻፍ አለህ? እኛ እኮ ሐሙስ ሐሙስ ቁጭ ብለን የሳምንቱን ባንዴ ነው የምንሞላው» አለችኝ። የቀይ ሥሩ ምስጢር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

እኔም እጅ ሰጠሁ። አምስቱንም ቀለም ራይት አድርጌ መፈረም ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ልጄ አረንጓዴው ቅጠል ሥር ገባች። ድንቢጥ አሁን አንባቢ ስለሆነች አንድ ቀን በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወረቀቱን ታይ ነበር።

«አባዬ፣ ፓፓያ በላሁ እንዴ?»

«አዎ፣ በልተሻል።»

«መቼ?»

እጅሽን ታጠቢ ብዬ ላክኋት። እጇ ንጹሕ ነበር።

በወሩ መጨረሻ «የወሩ ቀስተ ደመና» ተብላ የምስክር ወረቀት ስትሸለም እርስዎ አቅፈዋት ፎቶ ተነሥታችኋል። ሳቂ ስላሏት ስቃለች፤ ፎቶው ያምራል። የክፍሏ ልጆች ያን ቀን በስሟ እንደጠሯት ነገረችኝ፤ ያንን ስትነግረኝ ብቻ ነው ዓይኗ የበራው። ምን ይባላል? ጎሽ የኔ ልጅ አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ቦርሳዋን ሳስተካክል የሚቀጥለው ወር ቅጽ ከዳር እስከ ዳር ተሞልቶ አገኘሁት። ገና ያልመጡት ቀኖች ሁሉ በእርሳስ ራይት ተደርገዋል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ፤ መጨረሻው ላይ የማስረዝማት ጭራ እንኳ አልቀረችም። ጠራኋትና ምንድን ነው ይሄ አልኳት። አልደነገጠችም፤ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ሆና፣ «አንተ እንዳትቸገር ብዬ ነው» አለችኝ።

እንዴት ልቆጣ? በምን አፌ?

አሁን ጥርስሽን ቦረሽሽ ስላት አዎ ትላለች፣ ብሩሹን ስዳስሰው ደረቅ ነው። የቤት ሥራ ጨርሻለሁ ትላለች፣ ደብተሩ ባዶ ነው። ትናንት ሆዷን ይዛ ጥግ ላይ ተኮራምታ አየኋትና አሞሽ ነው ስላት፣ አላመመኝም አለችኝ፤ እኔና እናቷ እንመናት አንመናት ሳናውቅ ግንባሯን እየዳሰስን ዋልን። ድሮ ካሮት አልበላም የምትለኝ ልጅ ነበረችኝ። ያቺ ልጅ ቢያንስ የምትለውን አምናት ነበር። ዛሬም የምትበላው ዳቦና ነጭ ሩዝ ነው፤ ቅጹ ግን ሞልቷል።

ስለዚህ ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ ምን እንደምለምንዎ እኔም በቅጡ አላውቀውም። ስሟን ከሰሌዳው ላይ ያንሡልኝ፤ ከአረንጓዴውም ከደረቀውም። የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ ባለቤቱን ካገኙ ይስጡት። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ልጄ እውነቷን ለእኔ መንገር እንደገና እንዴት እንደምትጀምር ግን፣ እርስዎም ቅጽ ያላዘጋጁለት ነገር ስለሆነ፣ እኔና እናቷ ማታ ማታ ከምንተያይ በቀር የምናደርገው ጠፍቶናል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ትምህርት ቤቱ ከቅጠል ወደ ቅጠል እንዲሸጋገር እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ፣ ለጸሐፊዎና ለሂሳብ መምህሩ ያለኝን የማይጠወልግ አክብሮት በትሕትና አቀርባለሁ።

የድንቢጥ አባት፣ አትክልት ሻጭ
(ፊርማው በዚህ ጊዜ የራሴ ነው)

ማስታወሻ፦ ዘንግቼው ልዘጋ ነበር፤ ለደንበኝነትዎም ምስጋና ይገባዎታል። እነሆ ሦስት ዓመት ከሥራ መልስ ጎራ ሲሉ፣ ከሽንኩርትና ከድንች በቀር አንድም ነገር ገዝተውኝ አያውቁም። ባለፈው ዓመት ለምለም ቆስጣ ገብቶልኝ አንድ እስር በነፃ ልጨምርልዎ ስል፣ ዙሪያዎን ቃኝተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ተዉት፣ ቤቴ የሚበላው የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደውም» ብለውኝ ነበር። ደንበኛ ዘንቢሉ ውስጥ ያስገባውንና ያላስገባውን ለሰው ማውራት በእኛ ሥራ ነውር ስለሆነ፣ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።